አንዴ ከጮኸ

ፎዚያ ይማም ኪኒኗን መዋጥ ካቆመች ክረምቱ ወጥቷል፤ አደይ አበባውም ፈክቶ ረግፏል። ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። ግድግዳው ግን ያውቃል።

በደሴ ከተማ ዕድሜው የገፋ ሰው ሁሉ እንደሚኖረው እሷም ከሚያዳምጥ ግድግዳ ጋር ትኖራለች። ጠዋት ስትነሳ ትንፋሿን ይለካል፤ ፊቷን ስትታጠብ የዓይኗን ነጭ ያያል፤ መጸዳጃ ቤቱም የደረሰበትን ለጤና መረጃ ቋት ይልካል። ቫይረሱ በደሟ ውስጥ እንደገና መራባት መጀመሩን ግድግዳው ካወቀ ሰንብቷል። ባወቀ ቁጥር ግን መዝገቧን ይከፍታል፣ «አሰልጣኝ ታካሚ» የሚለውን ያነባል፣ «የስልጠና ቁጥር ነው» ብሎ መልሶ ይዘጋዋል። ከዚያ ዝናብ ይኖር እንደሆነ ይነግራታል።

በግድግዳውም አይፈረድበትም። ፎዚያ ከወጣትነቷ ጀምሮ ሥራዋ መታመም ነው። ነርሶችና ሐኪሞች ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበትን ሰው ማከም ሲማሩ ፊታቸው የምትቀመጠው እሷ ነች። አንድ ቀን ባሏን የምትፈራ ነፍሰ ጡር፣ ሌላ ቀን ኪኒን ያቋረጠች የጫት ነጋዴ፣ ሲያሻት ደግሞ ምንም ላለመናገር የማለች የቄስ ሚስት ሆና ትቀርባለች። ማሰልጠኛውም ለጨዋታው እንዲመች በስሟ የሐሰት የደም ቁጥር ሲልክ ኖረ። ዕድሜ ልኳን በሐሰት ስትታመም የኖረችን ሴት፣ በእውነት ስትታመም የሚያምናት ማሽን ገና አልተሠራም። እሷም ይህን ታውቃለች።

በሽታው ራሱ ከድሮው ጋር አይገናኝም። ማጥሪያ የሚሉት መርፌ ከመጣ ወዲህ አዲስ የተያዘ ሰው በጥቂት ሳምንት ደሙ ይነጻል። መርፌውን አትችሉም የተባሉት ከእናታቸው ማሕፀን ጀምሮ ቫይረሱን ይዘው ያረጁት ብቻ ናቸው፤ እነሱ እንደ ጥንቱ በየቀኑ አንድ ኪኒን ይውጣሉ። በአገሩ ያሉት ሁሉ ቢሰበሰቡ አንድ የሰርግ ድንኳን አይሞሉም። ቢሆንም አልፎ አልፎ አንድ ወጣት ተይዞ፣ ፈርቶ፣ ተደብቆ ይመጣል፤ በደንብ ካላስተናገዱትም ተደብቆ ይጠፋል። ስለዚህ ሕጉ ማንም የጤና ባለሙያ በሕይወት ካለ ታካሚ ፊት ቁጭ ብሎ ሳይፈተን ፈቃድ አይሰጠውም ይል ነበር። ከነገ ጀምሮ ሕጉ እንዲህ አይልም።

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አላት ግድግዳው። «የመጨረሻው ስልጠናዎ ነው። ዣንጥላ ይያዙ።»

ፎዚያ ዣንጥላዋን ያዘች። ከአልጋው ራስጌ የኪኒን ብልቃጧን አነሳችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ማሰልጠኛው የራሱ የመጫወቻ ብልቃጦች ነበሩት፤ ግን ትናንት ከሌላው ዕቃ ጋር ታሽገው መጋዘን ገብተዋል። የእሷው እስከ አንገቱ ሙሉ ነው፤ አፉ ላይ የተጠቀጠቀው ጥጥም አልተነካም። ጥጡ የድሮ ነገር ነው። እሷና እኩዮቿ ተማሪ ሳሉ ብልቃጡ በደብተር ቦርሳ ውስጥ እየተንኮሻኮሸ እንዳያሳጣቸው ጥጥ ይጠቀጥቁበት ነበር። ዛሬ የሚሰማ ጆሮ ባይኖርም መድኃኒት ቤቱ ለአሮጊቶቹ ሲል ልማዱን አልተወም።

ከሰኞ ገበያ በገመድ መኪና ተሳፍራ ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ወጣች። ጉሙ መስኮቱን ለብሶታል። አጠገቧ የተቀመጠ ጎልማሳ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አላት፤ እሷም እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ከሳል ወረርሽኙ ዓመታት ወዲህ ሰው ከሰው አይጨባበጥም፣ ትከሻ ለትከሻ አይገጫጭም፣ የሰው ልጅ ጉንጭ አይስምም። መጀመሪያ በአዋጅ ነበር፤ አዋጁ ሲነሳ ልማድ ሆኖ ቀረ። ፎዚያ አንዳንዴ ቤቷ ብቻዋን ስትሆን ግራ እጇን በቀኟ ትጨብጣለች። ምን ይደረግ፣ መዳፍም ይናፍቃል።

ጓደኛዋ ስንዱ ብትኖር ይህን ልማድ አትሰማም፣ እየጎተተች ታቅፋት ነበር።

ከስንዱ ጋር የተዋወቁት ልጅ ሳሉ ነው። ክሊኒኩ እንደነሱ ያሉትን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰበስብ ነበር። ሁለቱም ኪኒን ሰልችቷቸው፣ ሁለቱም ከስተው፣ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ነርሷ ሲስተር ዘነበች ቁጡ ሴት ነበረች። «ለራሳችሁ ብላችሁ አትውጡም፤ ገብቶኛል» አለቻቸው። «እንግዲያው አንዳችሁ ለአንዳችሁ ዋጡ።» ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቀድማ የዋጠችው ለሌላዋ ሚስኮል እንድታደርግ ተስማሙ። ስልኩ አንዴ ይጮኽና ይቋረጣል፤ ሳንቲም አያስወጣም፣ ወሬም አያስወጣም። አንዴ ከጮኸ «ዋጥኩ» ማለት ነው። ሌላዋም ውጣ አንዴ ትመልሳለች። ሁለቴ ከጮኸ ግን «ነይ» ማለት ነው።

ረመዳን ሲገባ ፎዚያ ሰዓቱን ከንጋት በፊት ወደሚበላው ሱሁር ታዞረው ነበር። ስንዱ ክርስቲያን፣ የመድኃኔዓለም ልጅ ሆና ሳለች ወሩን ሙሉ ሌሊት እየተነሳች፣ ኪኒኗን ውጣ፣ አንዴ አስጩሃ ትተኛ ነበር። «ጾሙን ያንቺ፣ እንቅልፍ ማጣቱን የኔ አደረግሽው» እያለች ትስቅ ነበር። ሁለቱም አገቡ፣ ደማቸው ንጹሕ የሆነ ልጆች ወለዱ፣ ባሎቻቸውን ቀበሩ። ስልክ ቀርቶ ግድግዳ ሲመጣም ጩኸቱ አልቀረም። ግድግዳው ነገሩ ግራ ገብቶት ዓመት ሙሉ «ጥሪው ተቋርጧል፤ ብልሽት ነው?» ሲል ከረመና እሱም ለመደው።

ስንዱ ሐምሌ ላይ ሞተች። በልቧ ነው እንጂ በቫይረሱ አይደለም፤ ፎዚያ ይህን ሳይጠይቋት ለሰው ሁሉ ትናገራለች። ከቀብሩ ማግስት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ብርጭቆና ኪኒን ይዛ ተቀመጠች። ቤቱ ጸጥ አለ። ውሃውን አበባው ላይ ደፋችና ኪኒኑን መለሰችው። በማግስቱም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ውሃም መቅዳት ተወች። መሞት ፈልጋ አይደለም፤ የምትውጥለት ሰው ስላጣች ነው። ልጇ ጅብሪል በጁምዓ ከሰመራ ሲደውል «ደኅና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ትለዋለች፤ እሱም ያምናታል።

ዛሬ ግን ከራሷ ጋር ተወራርዳለች። ነርስ ሁሉ የታካሚን ውሸት እንዴት እንደሚያገኝ ስታስተምር የኖረችው እሷ ነች። ከነዚህ የመጨረሻ ልጆች አንዱ ያገኘብኝ እንደሆነ ወደ ኪኒኔ እመለሳለሁ፣ ካላገኙት ግን እንግዲህ የአላህ ነው አለች። ገመድ መኪናው ሲቆም ወረደች።

የማሰልጠኛው ኃላፊ ዶክተር መክሊት በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። መክሊት ጠጉሯ ሸበት ያለ፣ ሳቋ ቅርብ የሆነ ሴት ነች፤ በወጣትነቷ ፎዚያ ፊት ቁጭ ብላ ሁለት ጊዜ የወደቀች ሰልጣኝ ነበረች።

«እትዬ ፎዚ፣ ሲያልቅ አያምር አሉ፤ ዛሬስ ሆዴ ባባ» አለች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

«ያኔ ጥለሻት በወጣሽው ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው?»

«እሷው ናት። ለማስታወሻ አስቀርቻታለሁ።»

ክፍሉ ነጭ ነው፤ መስኮትም የለውም። ጥጉ ላይ እንደ ሰው የሚናገር የፎዚያ ምስል ቆሟል። በክረምቱ ሲቀርጹ ሲለኩ ከርመው አሁን ጨርሰውታል። ምስሉ የአርባ ዓመት ሴት ይመስላል፤ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ወገቡም ቀጥ ያለ። ከነገ ጀምሮ ሰልጣኞችን የሚፈትነው እሱ ነው። ፎዚያ ባለፈው ሳምንት በሙከራ ሲሠራ ተመልክታው ነበር። ምስሉ ይዋሻል፤ ግን በዋሸ ቁጥር ዓይኑን ወደ ግራ ይሰብራል። ሰልጣኞቹም ይህን አውቀውበት በአንድ ቀን ሁሉም አለፉ። መሥሪያ ቤቱ ውጤቱን አይቶ ተደሰተ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ ስልጠናው ከሆስፒታል ጓሮ ባለ ቆርቆሮ አዳራሽ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ የአሰልጣኙ ድምፅ ስለማይሰማ ሁሉም ለሻይ ይወጣል። ነርሶቹ ከደላንታ፣ ከወረኢሉ፣ ከባቲ ይመጣሉ፤ ግማሾቹ ለዕውቀቱ፣ ግማሾቹ ለውሎ አበሉ። ፎዚያ የቱ ለየቱ እንደመጣ ቦንቦሊኖ ሲያነሳ አይቼ አውቀዋለሁ ትል ነበር። የመጀመሪያው ትምህርት መጨባበጥ ነው። አንድ ጊዜ ከደላንታ የመጣ ግዙፍ ነርስ ጓንት በጓንት ላይ ደርቦ እጁን ዘረጋላት።

«ወንድሜ፣ ጓንቱ ለኔ ነው ላንተ?» አለችው።

«ለሁለታችንም» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ጓንቱን አንድ በአንድ አውልቆ ጨበጣት። እጁ በላብ ርሶ ነበር። በምሳ ሰዓት ከእሷ ትሪ ቀረበ፤ ፊቷን ላለማየት ወጡን እያየ በላ። በሦስተኛው ቀን አጎረሳት። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በየዓመቱ የደላንታ ማር ይልክላት ነበር። ፎዚያ ያን ፍርሃት ሳይቀር ትናፍቀዋለች። የሚፈራት ሰው ቢያንስ መኖሯን አውቋል። የዛሬዎቹ ልጆች አይፈሯትም፣ አይጠየፏትም፣ ጨዋዎች ናቸው። ግን ግድግዳውን ነው የሚያዩት።

የመጨረሻዎቹ ሰልጣኞች ሦስት ነበሩ። ሦስቱም ጆሯቸው ውስጥ ሹክ ባይ የሚሉት ፍሬ አለ፤ ምን እንደሚጠይቁ፣ መቼ እንደሚያዝኑ፣ መቼ ራሳቸውን እንደሚነቀንቁ ይነግራቸዋል። መክሊት ደንቡን አነበበችላቸው። ፎዚያ ዛሬ ዘሀራ የምትባል የባቲ ፍየል ነጋዴ ነች። ከምትናገረው አንዱ ውሸት ነው፤ ሰልጣኙ ያን ያገኛል።

«ማግኘቱ ብቻ አይበቃም» አለች ፎዚያ፣ ከድሮ ጀምሮ እንደምትለው። «ውሸቴን ብታገኙት አታዋርዱኝ። የተዋረደ ሰው ተመልሶ አይመጣም። እኔው ራሴ እንዳወጣው አድርጉኝ።»

ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሹክ ባዩ ነቅንቁ ብሏቸው ይሁን ከልባቸው አይታወቅም።

ያፌት የሚባለው ቀደመ። ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ከራሷ በላይ ያለውን ግድግዳ አየ። ግድግዳው ለጨዋታው የተዘጋጀውን ቁጥር በቀይ አብርቷል።

«ወይዘሮ ዘሀራ፣ ሰኞ ሰኞ መድኃኒትዎን እንደሚዘልሉ መረጃው ያሳያል» አለ በትሕትና።

የጨዋታው ውሸት በእርግጥ ይህ ነበር። ዘሀራ በገበያ ቀን ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር ስለምትጓዝ እንዳያዩባት ትፈራለች። ፎዚያ ግን ለምን እንደሆነ ሳትጠየቅ ያፌት አመስግኖ ተነሳ። ሁለተኛዋ ሶስና ለስላሳ ልጅ ነች። «ስሜትዎ ይገባኛል» አለች፣ ጥቂት ቆይታ ደገመችው፣ እንደገናም ሠለሰችው። ከዚያ እሷም ሰኞን ከግድግዳው አንብባ አለፈች። ሁለቱም የብልቃጡን መኖር ልብ አላሉትም፤ ጠረጴዛው ላይ፣ በእጃቸው ስር ነበር። ፎዚያ ቀዝቀዝ አላት። እንግዲህ ይኸው ነው አለች በልቧ።

ሦስተኛዋ አንሻ ሙሄ ነበረች። በዚህ ዘመን አንሻ የሚባል ልጅ የለም፤ የቅድመ አያቷን ስም ነው የሰጧት። ቀጭን ነች፤ በልምምዱ ሳምንት ሁሉ ሰዓቱ ካለቀ በኋላ እየጠየቀች ስታስቸግር የከረመች ልጅ። ተቀመጠችና ሹክ ባዩን ከጆሮዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው።

«ይህንን ማውለቅ ይቻላል?» አለች መክሊትን። «ጆሮዬን ያሳክከኛል።»

«ከውጤትሽ ይቀነሳል እንጂ ይቻላል» አለች መክሊት።

አንሻ ግድግዳውን አላየችም። ፎዚያን አየች፤ ረጅም ጊዜ አየቻት።

«እማማ ዘሀራ፣ እስኪ ጠዋትዎን ይንገሩኝ።»

«ጠዋቴን?»

«ከእንቅልፍዎ ከነቁ ጀምሮ። ቸኩዬ አይደለም።»

ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ከጠየቃት ዘመን አልፏል። ራሷ ነበረች ለነርሶቹ የምታስተምረው፤ ኪኒን ዋጥሽ ወይ አትበሉ፣ ጠዋቷን አስወሯት ትል ነበር። ፎዚያ እንደ ዘሀራ ጀመረች። ፍየሎቹን አስወጣለሁ አለች፣ ውሃ አጠጣለሁ፣ ፊቴን እታጠባለሁ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አንድ ሰዓት ሲሆን ቁጭ እላለሁ።»

«ለምን ቁጭ ይላሉ?»

«እጠብቃለሁ።»

«ምኑን?»

«እስኪጮህ» አለች ፎዚያ፤ አፏ ከልቧ ቀድሞ ነው ያወጣው። በዘሀራ ጠዋት ውስጥ የሚጮህ ነገር አልተጻፈም። መክሊት ከኋላ ቀና አለች፤ ግን እትዬ ፎዚያ ጨዋታውን ማስረዘሟ መስሏት ፈገግ አለች።

አንሻ እጇን ሰደደችና ብልቃጡን አነሳች። ማንም የታካሚ ዕቃ አይነካም፤ ሶስና ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። ልጅቷ በመዳፏ መዘነችው፤ ነቅነቅ አደረገችው፤ አልተንኮሻኮሸም። ስሙን፣ አድራሻውንና የተሰጠበትን ወር አነበበች። ያነበበችው ዘሀራ አይልም፤ ፎዚያ ይማም፣ ሐምሌ ይላል። ከዚያ ብልቃጡን ስትመልሰው ጽሑፉን ወደ ፎዚያ አዞረችው፤ ከመክሊትም ከግድግዳውም ከለለችው።

«ስንት ጊዜ ነው የሚጮኸው?» አለች።

«አንዴ።»

«ሁለቴ ከጮኸስ?»

«ነይ ማለት ነው።»

«አሁን አይጮህም?»

«ባለቤቲቱ የለችም» አለች ፎዚያ። «ሐምሌ ላይ ዓረፈች።»

አንሻ በጠረጴዛው ላይ ተንጠራርታ የፎዚያን እጅ ያዘች። ማንም አላስተማራትም፤ አያያዟም አያምርም፣ ጣቷን ከጣቷ አምታታችው። መዳፏ ግን ሞቃት ነው። ፎዚያ የሰው እጅ ይህን ያህል እንደሚሞቅ ረስታ ነበር። እንባዋ መጣ፤ ልትመልሰው አልሞከረችም።

«አብሽሩ እማማ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

አሁን ትጠይቀኛለች አለች ፎዚያ በልቧ። አቆሙ ወይ ትለኛለች፤ መክሊት ይህን ሁሉ ዓመት የኮራችብኝ፣ እነዚህ ልጆች፣ ጥግ የቆመው ምስል ሁሉ ይሰሙኛል። ነገ ጅብሪል ይሰማል። አንሻ ግን አልጠየቀችም። እጇን እንደያዘች ደወሉ እስኪደወል ተቀመጠች።

«ጊዜው አልቋል» አለች መክሊት። «ግሩም ነበር እትዬ ፎዚ፣ ዛሬስ አስለቀስሽን። አንሻ፣ ውሸቱን አገኘሽው?»

አንሻ መክሊትን አየች። ፎዚያን አየች።

«አላገኘሁትም» አለች።

«ግድግዳው ላይ እኮ ነበር። ሰኞ ሰኞ።»

«ሳልደርስበት ጊዜው አለቀ።»

«እንግዲያው ወድቀሻል ልጄ። ከምስሉ ጋር ትደግሚያለሽ።»

«እሺ» አለች አንሻ፤ ሹክ ባዩን ከጠረጴዛው አንስታ ኪሷ ከተተችው።

ፎዚያ ብልቃጡን ወደ ራሷ ሳበችው። ልጅቷ እንዳገኘችው አውቃለች። አግኝታው እንደሸፈነችላት፣ ለእሷ ገመና ስትልም እንደወደቀች አውቃለች። በዚያ ወንበር ላይ ስንቱ ተቀምጦ ስንቱ አልፏል፤ ደንቡን እስከ መጨረሻው የጠበቀ ግን ይህቺ የወደቀች ልጅ ነች። ፎዚያ አፈረች። ተነስታ ልጅቷ አልወደቀችም ብትል ቀጥሎ ለምን ተብላ ትጠየቃለች፤ እሱን መመለስ ፈራች። ስለዚህ ብልቃጡን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ደበቀችው።

ማምሻውን አሰናበቷት። ሁሉም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ፤ ምስሉም ጥጉ ላይ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። መክሊት የመስተዋት ሽልማት ሰጠቻትና አለቀሰች። ፎዚያ ወደ ገመድ መኪናው ስታዘግም አንሻ ከኋላ ደረሰችባት።

«ጠዋት በጊዜ ይነሳሉ?» አለች።

«እነሳለሁ።»

«እሺ። በሰላም ይግቡ።»

ፎዚያ ዣንጥላዋን ይዛ ገባች።

በማግስቱ ጉሙ ወርዶ ቤቱን ከቦታል። ፎዚያ ተነስታ ሰገደች፣ ፊቷን ታጠበች። ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አቆመች፤ ውሃም ቀዳች። ከሐምሌ ወዲህ ውሃ ስትቀዳ የመጀመሪያዋ ነው። ተቀመጠች። ምን እየጠበቅሽ ነው ብላ ራሷን ሰደበች።

አንድ ሰዓት ላይ ግድግዳው አንዴ ጮኸና ጸጥ አለ።

ለአንድ አፍታ ስንዱ ነች ብላ አመነች፤ ያመነችውም በሙሉ ልቧ ነው።

«ጥሪ መጥቶ ነበር» አለ ግድግዳው። «ደዋይ አንሻ ሙሄ። ከአንድ ጩኸት በኋላ አቋርጣለች። ብልሽት ይመስላል፤ መልሼ ልደውል?»

«ቆይ» አለች ፎዚያ።

ጥጡን ከብልቃጡ አፍ ነቀለችው። አንድ ኪኒን መዳፏ ላይ አደረገች። አሁን ይህን ብውጥና አንዴ ባስጮህ ያልቃል፤ ማንም ሳያውቅ እመለሳለሁ አለች። ውርርዱም እንደዚያ ነበር። ግን ወራት ያቋረጠ ሰው በራሱ ፈቃድ አይጀምርም፤ ደሙ ሳይታይ፣ ሰው ሳያውቅለት፣ ተደብቆ አይመለስም። ይህን ለስንት ነርስ አስተምራለች። አንዴ ብታስጮህ ደኅና ነኝ ማለት ነው። ደኅና አይደለችም። ያቺ ልጅ ደግሞ ዋሽተው የሚያመልጧት ልጅ አይደለችም።

ኪኒኑን ወደ ብልቃጡ መለሰችው።

«ደውልላት» አለች። «ሁለቴ ይጩህና አቋርጥ።»

«ካነሳችውስ?»

«አታነሳውም።»

ሁለቴ ጮኸ፤ ተቋረጠ። በሕይወቷ ሁሉ ሁለቴ አስጩሃ አታውቅም፤ ስንዱም እንዲሁ። ሁለቱም ለሌላዋ ሸክም ላለመሆን ሲጠነቀቁ ኖረው፣ ያን ምልክት ሳይነኩት አረጁ። ፎዚያን ይህ አሁን ገና ቆጫት።

«ለመዝገብ ያህል» አለ ግድግዳው፣ «ይህ ጥሪ ለስልጠና ነው?»

«አይደለም።»

ግድግዳው መዝገቧን ከፈተ። እንዲህ ያለ መልስ ከእሷ ሰምቶ አያውቅም።

«እንግዲያው በመዝገብዎ ላይ የምነግርዎ ነገር አለ።»

«አውቀዋለሁ» አለች። «ሰው እስኪመጣ ጠብቅ። ከዚያ መክሊትን ታገናኘኛለህ፤ የልጅቷን ውጤት ታስተካክላለች። ማታ ደግሞ ጅብሪል ሲደውል እኔው እነግረዋለሁ።»

ተነስታ ሌላ ብርጭቆ አጠበች። ሁለተኛውንም ውሃ ቀድታ ከብልቃጡ ጎን አስቀመጠች። ብዙም አልቆየም፤ ከደረጃው የሩጫ ኮቴ ተሰማ፣ ግድግዳውም ድምፁን ጠረገ።

«ደጃፍ ላይ ሰው አለ» አለ። «ማን ብዬ ልመዝግብ?»

«ሐኪሜ ናት በል» አለች ፎዚያ፤ እጇን በቀሚሷ አድርቃ፣ ልትጨብጣት ወደ በሩ ሄደች።